የወቅቱ የመጀመሪያ በረዶ፦ ከላይ ሲያምር ከሥሩ ምን አለ?

ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ያደረ በረዶ ተራራውን ሌላ ቦታ ያደርገዋል። ትናንት ደረቅ ሣርና ድንጋይ የነበረው ቁልቁለት ጠዋት ስትነሱ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እኔን ከንጣቱ ይበልጥ የሚገርመኝ ጸጥታው ነው። አዲስ የወረደ በረዶ በየክፍተቱ አየር ስለያዘ ድምፅ ይውጣል። የሰው ጫጫታ፣ የመኪና ድምፅ፣ ሰውን በገመድ ወደ ተራራው የሚያወጣው የሊፍቱ ሞተር ሳይቀር ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ስኪ፣ ማለትም እግር ላይ በሚታሰር ረጅም መንሸራተቻ በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ የሚወድ ሰው እንዲህ ባለ ጠዋት ቁርስ በቅጡ አይወርድለትም።

እኔም ከነዚያ ሰዎች አንዱ ነኝ። ሊፍቱ እስኪከፈት ቀን ስቆጥር ነው የምከርመው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው የማንንም ደስታ ለማቀዝቀዝ አይደለም። የወቅቱ መጀመሪያ በረዶ የራሱ ጠባይ አለው። ጠባዩን ያወቀ ሰው ቀኑን ሙሉ ፊቱ ላይ ፈገግታ እንዳለ ይውላል። ያላወቀው ግን ገና በመጀመሪያው ሰዓት ስኪው ሊበላሽበት፣ ጉልበቱም ሊጎዳበት ይችላል።

መጀመሪያ በቃሉ እንስማማ። በአማርኛ «በረዶ» ብዙ የተጫነበት ቃል ነው። ከዝናብ ጋር ጣራ እየደበደበ የሚወርደውም በረዶ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው፤ እንደ ተባዘተ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደውም በረዶ ነው። ለዚህ ለመጨረሻው «አመዳይ» የሚለው ቃል ይቀርበዋል፤ በዕለት ንግግር ግን ብዙም አይሰማም። እዚህ በረዶ ስል እንደ ጥጥ የሚወርደውን ማለቴ ነው። ውሃው ረግቶ እንደ ድንጋይ የጠነከረውን ግግር እለዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በወቅቱ አጋማሽ 30 ሴንቲ ሜትር አዲስ በረዶ ሲጥል የሚያርፈው በሌላ በረዶ ላይ ነው። ከሥሩ አንድ ሜትር፣ አንድ ሜትር ተኩል የጠጠረ በረዶ አለ። በወቅቱ መጀመሪያ ግን ያው 30 ሴንቲ ሜትር የሚያርፈው በድንጋይ፣ በጉቶና በሣር ላይ ነው። ሁለቱን ቀኖች ፎቶ ብታነሷቸው አትለዩዋቸውም። ሁሉም ነገር የሚወሰነው ፎቶው በማያሳየው ቦታ ነው።

አብዛኛው አየር ነው

ጓንታችሁን እንዳደረጋችሁ ከአዲሱ በረዶ በሁለት እጃችሁ ዝገኑ። ክብደቱ አይሰማችሁም። አሁን ጨምቁት። እጅ ሙሉ የነበረው ሎሚ የምታህል ኳስ ሆነ። የቀረው የት ገባ? የቀረው አየር ነበር። ብርዱ ከበረታ ደግሞ ኳስም አይሆንላችሁም። ደረቅ ስለሆነ አይያያዝም፤ እንደ ዱቄት በጣቶቻችሁ መሐል ይፈሳል። ስኪተኞች የሚያብዱለት ይኼኛው ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሜትር ኩብ ግግር 917 ኪሎ ገደማ ነው። በብርድ የወረደና ነፋስ ያልነካው አዲስ በረዶ ግን ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ብቻ ነው። ከአሥር እጅ ዘጠኙ አየር ነው ማለት ነው። ያን 30 ሴንቲ ሜትር ሰብስባችሁ ብታቀልጡት ውሃው 3 ሴንቲ ሜትር ቢሞላ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በረዶ እንደ ወረደ አይቆይም። ቅንጣቶቹ ጫፋቸው እየተሰበረ፣ በራሳቸው ክብደት እየተጫጫኑ ይወርዳሉ። ትናንት ማታ 40 ሴንቲ ሜትር የተለካው በረዶ ምንም ሳይቀልጥ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወደ 30 ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ የስኪ መዝናኛ ሥፍራዎችን (የሪዞርቶችን) የበረዶ ዘገባ ስታነቡ ሁለቱን ቁጥሮች ለይታችሁ እዩ። አንዱ «አዲስ የወረደ» የሚለው ነው። ሌላው መሬት ላይ ያለውን ጠቅላላ ጥልቀት የሚናገረው ነው፤ ብዙ ጊዜ ለተራራው አናትና ለግርጌው ለየብቻ ይሰጣል። ሰው ሁሉ የሚያጋራው የመጀመሪያውን ነው። በወቅቱ መጀመሪያ ሳምንታት የሚጠቅማችሁ ሁለተኛው ነው።

ይህን ያህል አየር ከየት መጣ? ከቅንጣቷ ቅርጽ ነው። ውሃ ሲረጋ ሞለኪውሎቹ በስድስት ማዕዘን ስለሚደረደሩ የበረዶ ቅንጣትም ባለ ስድስት ማዕዘን ሆና ታድጋለች። ዊልሰን ቤንትሊ የተባለ በአሜሪካ የቨርሞንት ገበሬ በ1885 (እ.ኤ.አ.) ካሜራና ማይክሮስኮፕ አገናኝቶ የአንዲት ቅንጣት ፎቶ አነሣ። ዕድሜ ልኩን አልተወውም፤ ከ5,000 በላይ አነሣ። ጃፓናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኡኪቺሮ ናካያ ደግሞ በ1936 (እ.ኤ.አ.) በሆካይዶ፣ በላቦራቶሪ ውስጥ፣ በጥንቸል ፀጉር ጫፍ ላይ የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ የበረዶ ቅንጣት አሳደገ። ናካያ ያሳየው ቅርጹን የሚወስነው ቅንጣቷ ያደገችበት አየር ቅዝቃዜና እርጥበት መሆኑን ነው። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ እንደ መርፌ ቀጫጭን ይሆናሉ። 15 ዲግሪ አካባቢ እርጥበት ካገኙ ደግሞ ቅርንጫፋቸው የበዛ ኮከቦች ይሆናሉ። ኮከቦቹ ሲደራረቡ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ተደግፎ መሐሉ ባዶ ይቀራል። ያ ባዶ ቦታ ነው እግራችሁ ሥር እንደ ላባ የሚሰማችሁ።

እዚህ ላይ የኔን ምርጫ ልናገር፤ ብዙ ሰው አይስማማኝም። የወቅቱ የመጀመሪያ በረዶ ቀላል ዱቄት ባይሆን ነው የምወደው። ሙቀቱ ዜሮ አካባቢ ሆኖ፣ እርጥብና ከባድ ሆኖ ቢወርድ ይሻላል። እርጥብ በረዶ ሣሩን ያስተኛዋል፤ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፤ ጉድጓዱን ይሞላል። ከዚያ ብርድ ሲመጣ ጠጥሮ ወለል ይሆናል። ቀላሉ ዱቄት በላዩ ሲመጣ ያኔ ነው ደስታ። ተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ማለትም ባዶ መሬት ላይ መጀመሪያ ቀላል ዱቄት ከወረደ፣ ውበት ብቻ ነው የሚሆነው። ነፋስ ሲነሣም ተጠርጎ ይሄዳል።

ድንጋዩ አልሄደም

አንድ ዓመት ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነበር። ሌሊት 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥሎ አድሯል። ለስኪ ከተከፈተው መንገድ ጠርዝ ወጣ ብዬ ማንም ያልነካው ሜዳ የሚመስል ቦታ አየሁ። ሦስት ጊዜ ታጠፍኩ፤ ልክ ትራስ ላይ እንደ መሄድ ነበር። አራተኛው ላይ ከእግሬ ሥር «ክርርር» የሚል ድምፅ መጣ፤ ብረት በድንጋይ ሲፋቅ። ግራ ስኪዬ ቆመ፤ እኔ ቀጠልኩ። በፊቴ ተደፍቼ ስነሣ አፌና አንገቴ በረዶ ሞልቶታል። ተመልሼ በእጄ ስቆፍር የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ አገኘሁ። ከላይ ምንም ምልክት አልነበረውም፤ እብጠት እንኳ አልነበረውም። የስኪው ሆድ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቦይ ተቆፍሯል፤ የብረት ጠርዙም ተጣሟል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ማሰብ ቀላል ነው። ስኪ በአዲስ በረዶ ላይ አይቆምም፤ ይሰምጣል። ከሥሩ ያለው በረዶ ተጨምቆ ክብደታችሁን እስኪሸከም ድረስ ይወርዳል። በረዶው ከአሥር ዘጠኝ እጁ አየር ከሆነ ብዙ መወረድ አለበት ማለት ነው። ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከመጨመቁ በፊት መሬት ትደርሳላችሁ። ስትታጠፉ ደግሞ የበለጠ ትጫኑታላችሁ፤ ስለዚህ ድንጋይ የሚያገኛችሁ ብዙ ጊዜ ስትታጠፉ ነው። ሰፊ ስኪ ክብደቱን ስለሚያሰራጭ ትንሽ ያንሳፍፋል። ወገቡ (የመሐሉ ስፋት) 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኪ ወገቡ 75 ከሆነው ያነሰ ይሰምጣል። ግን ባዶ መሬት ላይ ሰፊ ስኪም አያድንም።

ለዚህ ነው ያው 30 ሴንቲ ሜትር በአንዱ ተራራ ላይ የሚበቃው፣ በሌላው የማይበቃው። ከሥሩ ለስላሳ የከብት ግጦሽ ሜዳ ከሆነ ጥሩ ነው። ሣሩ ይተኛል፤ ስኪ ቢነካውም አይጎዳም። ከሥሩ ቋጥኝ፣ ቁጥቋጦና የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ከሆነ አንድ ሜትርም ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሪዞርት ላይ በጊዜ ልትሄዱ ካሰባችሁ ተራራውን በሞቃቱ ወቅት በተነሣ ፎቶ እዩት። ያለ በረዶ ምን እንደሚመስል ማወቅ ከየትኛውም ዘገባ ይበልጣል።

ሌላው ውሃ ነው። በተራራ ላይ ያሉ ጅረቶች በዚህ ጊዜ ገና አልረጉም። በላያቸው ስስ የበረዶ ሽፋን ይሠራል። ሜዳ ይመስላል፤ ሲረግጡት ይናዳል። ረባዳ መስመር ስታዩ፣ በተለይ ከውስጡ የውሃ ድምፅ ከተሰማችሁ፣ አትሻገሩት። ደግሞ ገመድ። በወቅቱ አጋማሽ «ዝግ» የሚል ገመድ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ትርጉሙ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ከሥሩ ገና ምንም የለም። ሠራተኞቹ ያንን ቁልቁለት በእግራቸው ሄደው አይተውታል። እመኗቸው።

ስስ በረዶ ለምን ይበልጥ ያስፈራል?

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ክፍል ይህ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልሂድበት። ትንሽ በረዶ ካለ የበረዶ ናዳ አያሰጋም ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። ናዳ እኮ የሚመጣው ብዙ ሲከመር ነው እንላለን። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

መሬቱ የሞቃቱን ወራት ሙቀት ገና አልረሳም። በረዶ ሲለብስ ያ ሙቀት ከሥር ታፍኖ ስለሚቆይ በረዶውና መሬቱ የሚገናኙበት ቦታ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ላይኛው ፊት ግን ከሌሊቱ አየር ጋር ነው። ሰማዩ ጠርቶ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ደረሰ እንበል። አሁን በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የ15 ዲግሪ ልዩነት አለ። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 5 ዲግሪ ማለት ነው። የበረዶ ባለሙያዎች በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ከ1 ዲግሪ በላይ ልዩነት ሲያዩ ነው መጠንቀቅ የሚጀምሩት። በረዶው አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ኖሮ በዚያው ሌሊት ልዩነቱ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 1 ዲግሪ ብቻ በሆነ ነበር። አያችሁ፣ ችግሩን የፈጠረው ራሱ ስስነቱ ነው።

ልዩነቱ ሲበዛ ምን ይሆናል? ከሥር ያለው ሞቅ ያለ እርጥበት ተንኖ በክፍተቶቹ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። ቅዝቃዜ ሲያገኝ እዚያው ውስጥ እንደገና ይረጋል። የድሮዎቹ ኮከቦች ይጠፋሉ፤ በቦታቸው ማዕዘን ያላቸው፣ ጠርዛቸው የሚያብረቀርቅ ትልልቅ ቅንጣቶች ያድጋሉ። እነዚህ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው አይያያዙም። በእጃችሁ ብትዘግኑ ልክ እንደ ስኳር ይፈሳሉ። ጨምቃችሁ ኳስ ልትሠሩ ብትሞክሩ እምቢ ይላሉ። ስኪተኞችም «ስኳር» ነው የሚሏቸው።

ለአንድ ሳምንት ጥርት ያለ ብርድ ሆነና በረዶው ወደ ስኳርነት ተቀየረ እንበል። ከዚያ ትልቁ አውሎ ንፋስ መጣ። ግማሽ ሜትር አዲስ በረዶ በስኳሩ ላይ ተከመረ። ነፋሱም ከአንዱ ጎን እያነሣ በሌላው ጎን ይቆልለዋል፤ ነፋስ የቆለለው በረዶ ተጠቅጥቆ እንደ ሰሌዳ አንድ ላይ ይይዛል። ከላይ ጠንካራ ሰሌዳ፣ ከሥር የሚፈስ ስኳር። አንድ ሰው ሲገባበት ስኳሩ ይደረመሳል። አንዳንዴ እንደ ከባድ ትንፋሽ የሚሰማ «ዉምፍ» የሚል ድምፅ ይሰማል። እግራችሁ ሥር ድንገት ዝቅ ይላል፤ ወይም ከስኪያችሁ ጫፍ ስንጥቅ ይሮጣል። ይህን ካያችሁ ወይም ከሰማችሁ ቁልቁለቱን መተው ነው፤ ሌላ ምልክት አትጠብቁ። አብዛኛው እንዲህ ያለ ናዳ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚደርስ ቁልቁለት ላይ ነው። ጎበዝ ስኪተኛ ደግሞ የሚወደው ልክ ያንን ዘንባላ ነው።

በአሜሪካ የኮሎራዶ ተራሮች በዚህ ስኳር የታወቁ ናቸው። አየራቸው ደረቅ፣ ሌሊታቸው ብርድ፣ የወቅቱ መጀመሪያ በረዷቸው ስስ ነው። አንዴ ከተፈጠረ ስኳሩ ቶሎ አይለቅም፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ከሥር ይቆያል።

በሪዞርቱ ክልል ውስጥ፣ በተከፈተ መንገድ ላይ፣ ይህ ሥጋት በባለሙያ ይጠበቃል። ሠራተኞቹ ገና ሳይነጋ ወጥተው በረዶውን ይመረምራሉ፤ አስፈላጊ ከሆነም በፈንጂ ያወርዱታል። ከገመዱ ውጭ ግን ማንም የለም። በአውሮፓ ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የናዳ ሥጋት ከ1 እስከ 5 በሚሄድ ደረጃ ይገለጻል። 3 የሚለው ቁጥር መሐል ስለሆነ ሰው ቀለል ያደርገዋል። ግን እዚያ ብዙ ሕይወት የሚጠፋው ደረጃው 3 በሆነበት ቀን ነው። ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው ሦስት ነገር ይይዛል፦ በ457 ኪሎ ኸርዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መፈለጊያ መሣሪያ፣ መውጊያ ዘንግና አካፋ። ከነዚህ ጋር መጠቀሙን የሚያውቅ ጓደኛ። ናዳ የዋጠው ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሉ በጣም በፍጥነት ይወርዳል። ከሩቅ የሚጠራ እርዳታ አይደርስም። አጠገባችሁ ያለው ሰው ነው የሚያወጣችሁ።

መሠረቱን የሚሠሩት እንዴት ነው?

እንግዲህ ከሰማይ የሚመጣው መሠረት ካልበቃ ሰው ይሠራዋል። በ1949 እና 1950 (እ.ኤ.አ.) መካከል በነበረው የብርድ ወቅት በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ በረዶ ጠፋ። በኮኔቲከት ስኪ እየሠሩ የሚሸጡ ሦስት ሰዎች ገበያ ቀዘቀዘባቸው። ዌይን ፒርስ፣ አርት ሀንትና ዴቭ ሪቺ ይባላሉ። የአትክልት ማጠጫ ጎማና ቀለም መርጫ ኮምፕረሰር አገናኝተው ውሃ በብርዱ አየር ውስጥ ረጩ። ውሃው በረዶ ሆኖ ወረደ። ዛሬ በየሪዞርቱ የምታዩት መድፍ የሚመስለው ማሽን ሐሳቡ ያው ነው፤ ውሃን በጣም አድቅቆ መርጨትና መሬት ሳይደርስ ማርጋት።

እዚህ ውስጥ የምወደው አንድ ሚስጥር አለ። ማሽኑ የሚሠራው በቴርሞሜትሩ ቁጥር ብቻ አይደለም። ጠብታው በአየር ላይ ሲተን ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ላብ ሰውነታችንን እንደሚያቀዘቅዘው ማለት ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ ትነቱ ይበረታል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ቢልም በደረቅ ሌሊት በረዶ መሥራት ይቻላል። እርጥበት በሞላው ሌሊት ግን ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ቢሆንም አይሳካም።

ሰው ሠራሹ ቅንጣት ኮከብ አይደለም፤ ድቡልቡል ጠብታ ነው። ቅርንጫፍ ስለሌለው እጅብ ብሎ ይቀመጣል። አንድ ሜትር ኩቡ 400 ኪሎ እና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ለመንሳፈፍ አይመችም፤ ለመሠረትነት ግን ከተፈጥሮው ይበልጣል። በቀላሉ አይቀልጥም፤ ድንጋይም በቀላሉ አያልፍበትም።

ከዚህም የሚያስገርመኝ ደግሞ የዳቮሱ ዘዴ ነው። በስዊዘርላንድ ዳቮስ ያለፈውን ወቅት በረዶ ይከምሩና በ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰጋቱራ ያለብሱታል። ሙሉ ሞቃት ወቅት ፀሐይ ላይ ቆይቶ ሦስት አራተኛው ያህል ይተርፋል። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሰጋቱራውን ገፈው በሜዳው ላይ ያነጥፉትና የረጅም ርቀት ስኪተኞች ልምምድ ይጀምራሉ። አንዳንድ ቦታዎች ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም። የኦስትሪያው ዞልደን በዓለም ዋንጫ ውድድር ወቅቱን ኦክቶበር ላይ የሚከፍተው በ3,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ ባለ ዘላለማዊ ግግር ላይ ነው። በኦስትሪያው ሂንተርቱክስና በስዊዘርላንዱ ዜርማት ዓመቱን ሙሉ ስኪ አለ።

ለአብዛኛው ሪዞርት ግን የወቅቱ መጀመሪያ ማለት በቡናማ ተራራ ላይ የተዘረጋች አንዲት ነጭ መቀነት ናት። ሁለት ወይም ሦስት መንገድ ብቻ ይከፈታል፤ ሰዉ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ከግጭት ተጠንቀቁ። ዓለም አቀፉ ሕግ ግልጽ ነው፤ ከታች ያለው ሰው ቅድሚያ አለው። ከኋላ የሚመጣው ነው መንገድ የሚመርጠው። ስትነሡ ወደ ላይ ተመልከቱ። ስትቆሙ ጠርዝ ላይ ቁሙ፤ ከላይ በሚመጣ ሰው በማትታዩበት ቦታ አትቁሙ።

አሁን የምወደውን ቀን ልንገራችሁ። ማሽኖቹ ለሳምንት ሠርተዋል። ማታ ላይ የመደልደያው ተሽከርካሪ መንገዱን አስተካክሎ፣ ፈጭቶ፣ ትልም ትልም አድርጎት አልፏል። የተፈጨው በረዶ ሌሊቱን ቅንጣት ከቅንጣት እየተጣበቀ ይጠነክራል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ደመና መጥቶ በላዩ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ቀላል በረዶ አወረደ። ጠዋት የመጀመሪያው ሊፍት ላይ ናችሁ። ስኪያችሁ በዱቄቱ ውስጥ ይሄዳል፤ ከሥሩ ግን የሚተማመኑበት ወለል አለ። ስትታጠፉ ነጩ ጉልበታችሁ ድረስ ይነሣል፤ ከታች የሚፋቅ ድምፅ የለም። ከግማሽ ሜትር ዱቄት በባዶ ድንጋይ ላይ ይህ በእጥፍ ይሻለኛል። ሦስት ሰዓት ያህል ይቆያል። እኩለ ቀን ሲደርስ ሰዉ ዱቄቱን ወደ ዳር ገፍቶት መሐሉ ላይ የጠነከረው ይወጣል። ስለዚህ ማልዶ መነሣት ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት

ዕቃውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ዓመት ሙሉ የተቀመጠ ስኪ ጠርዙ ይዝጋል፤ ሰሙ ይደርቃል። ይሳል፣ ሰም ይቀባ። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ በባለሙያ ይፈተሽ፤ በምትወድቁበት ጊዜ መልቀቅ ሲገባው ካለቀቀ የሚጣመመው ጉልበት ነው። ሁለት ስኪ ያላችሁ አሮጌውን አውጡ። ብዙ ስኪተኛ ለዚህ ጊዜ ብሎ የማይጥለው አንድ አሮጌ ስኪ አለው፤ ድንጋይ ቢነካውም ልብ አይሰብርም።

እግር ደግሞ ከዕቃው ይልቅ ይረሳል። የጭን ጡንቻ ለወራት ይህን ሥራ አልሠራም። የመጀመሪያው ቀን ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው ከሰዓት በኋላ፣ «አንድ ልጨምር» ሲል ነው። ጭናችሁ መቃጠል ሲጀምር ያ የመጨረሻው ይሁን። በሊፍቱ መውረድም ይቻላል።

በአዲስ በረዶ ላይ ሰው ጫፉ እንዳይሰምጥ ፈርቶ ወደ ኋላ ይደገፋል። አትደገፉ። ጭናችሁ ቶሎ ይደክማል፤ ስኪውም አይታዘዝም። እግር መሐል ላይ ቁሙ። ክብደታችሁን ለሁለቱም እግር እኩል ስጡ፤ በአንዱ ብቻ ከጫናችሁ እሱ ይሰምጣል፣ ሌላው ይንሳፈፋል። ስትታጠፉ መታጠፊያችሁ ክብ ይሁን፤ ድንገት አትገንጥሉት። ፍጥነቱን ቀንሱ፤ ከሥሩ ምን እንዳለ ገና አታውቁምና።

ደመና ወርዶ ሰማዩም መሬቱም አንድ ነጭ ሲሆን ጥላ ይጠፋል። ጉብታውና ጉድጓዱ አይለይም። ያኔ በዛፎች አጠገብ ሂዱ፤ ዛፉ ለዓይን መለኪያ ይሆናል። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ መስታወት ያለው መነጽርም ይረዳል። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ አዲስ በረዶ የሚያርፍበትን አልትራቫዮሌት አብዛኛውን መልሶ ወደ ፊታችሁ ይልከዋል። ብርድ ስለሆነ ቆዳ አይቃጠልም ማለት አይደለም። አገጭና ከአፍንጫ ሥር ያለውን ቦታ ቅቡት፤ ጨረሩ ከታች ነው የሚመጣው።

ወቅቱ ሲያልቅ፣ ሙቀት ሊመጣ ሲል፣ የበረዶ ባለሙያዎች እስከ መሬት ድረስ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ንብርብሩ ሁሉ ይታያል፤ እያንዳንዱ አውሎ ንፋስ፣ እያንዳንዱ የጠራ ሳምንት በየተራው። ከሁሉም በታች፣ ሣሩን የነካው፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ ግራጫማ ንብርብር አለ። በአካፋ ሲነካ አንዳንዴ እንደ ስኳር ይፈሳል። ያ ኖቬምበር ላይ የጣለው፣ ቁርስ ሳንጨርስ የወጣንለት በረዶ ነው።